ለዕለት ሥራ ኪስ ውስጥ የሚውል ሰንጢ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፦ «የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምሠራው በአንድ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ርክክብ ክፍል ውስጥ ነው። በየቀኑ ካርቶን እከፍታለሁ፣ ካርቶኖቹ የታሰሩበትን ፕላስቲክ እቆርጣለሁ፣ የላላ የመደርደሪያ ብሎን አጠብቃለሁ፣ አንዳንዴም የስቴፕለር ሽቦ ከወረቀት ላይ እነቅላለሁ። መቀስና ካቻቪቴ ፍለጋ ከመሳቢያ መሳቢያ ስዞር ስለምውል፣ ኪሴ ውስጥ የሚቀመጥ ባለብዙ መሣሪያ ሰንጢ ልገዛ አስቤያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ‹ከገዛሽ አይቀር ፒንሳ ያለውን፣ ስለቱ በአንድ እጅ የሚከፈተውንና የሚቆለፈውን ትልቁን ግዢ፤ ክፉ ቀን ቢመጣም ራስሽን ትከላከዪበታለሽ› ይለኛል። እኔ ግን ቤት ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ አለኝ፤ አልፎ አልፎም በአውሮፕላን እጓዛለሁ። የትኛው ይሻለኛል? የሚቆለፍ ስለት ከማይቆለፈው ይልቅ ለእጅ ደህና ነው የሚባለውስ እውነት ነው?» (የርክክብ ክፍሏ ሠራተኛ)

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ሰንጢ ከመምረጥዎ በፊት የሚሠሩትን ሥራ ቆጥረው መጻፍዎ ነገሩን ከግማሽ በላይ አቅልሎልኛል፤ ስለዚህ መልሱን ሳላቆይ አስቀድሜ ልናገር። ለእርስዎ የሚስማማው ታጥፎ ሲዘጋ ከ84 እስከ 91 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ የማይቆለፍ አንድ መካከለኛ ስለት፣ በደንብ የሚቆርጥ መቀስ፣ አንድ ጠፍጣፋና አንድ ባለ መስቀል ካቻቪቴ ያለው፣ ከተገኘም ወረንጦ የተሰካበት ሰንጢ ነው። ፒንሳ ያለውን ትልቁን ግን አልመክርዎትም።

ወንድምዎ የሄዱበት መንገድ ብዙ ገዢዎች የሚሄዱበት ነው፤ አስቀድሞ መሣሪያውን አይቶ መውደድ፣ ከዚያ ሥራ መፈለግለት። የእነዚህ ሰንጢዎች አመጣጥ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ካርል ኤልስነር እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባክ በተባለች መንደር የቢላ መሥሪያ ከፍቶ፣ በ1891 ለአገሩ ሠራዊት የወታደር ሰንጢ ማስረከብ ሲጀምር፣ በሰንጢው ላይ የነበሩት ስለት፣ ወስፌ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቪቴ ብቻ ነበሩ። ካቻቪቴው የገባው ወታደሩ የታጠቀው አዲሱ የሽሚት ሩቢን ጠመንጃ ያለ ካቻቪቴ ስለማይፈታ፣ የቆርቆሮ መክፈቻው የገባው ደግሞ ወታደሩ የታሸገ ምግብ ስለሚሰነቅ ነው። አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማንም እ.ኤ.አ. በ1975 ከባለቤቱ ጋር አውሮፓን በአሮጌ ፊያት መኪና ሲዞር፣ ለመኪናው ብልሽትና ለሚያፈሱት የሆቴል ቧንቧዎች በኪሱ የነበረው ሰንጢ ስላልበቃው ነው ፒንሳን ከሰንጢ ጋር ማዋሐድ ያሰበው፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው መሣሪያም ገበያ የወጣው በ1983 ነው። ሁለቱም የተነሡት ከአንድ ከታወቀ ችግር ነበር። በእርስዎ ደብዳቤ ውስጥ ደግሞ አንድም ቦታ ላይ ፒንሳ የሚጠይቅ ሥራ አላየሁም።

ማሸጊያው ላይ በጉልህ የሚጻፈው የአገልግሎት ብዛትም አያታልልዎ። ከዚህ በታች የፋብሪካ ስሞችን የምጠቅሰው መጠንና ክብደት ለማነጻጸር እንጂ ለማሻሻጥ አለመሆኑ ይታወቅልኝ። ክላሲክ ኤስዲ የተባለው፣ ኤልስነር የመሠረተው የቪክቶሪኖክስ ፋብሪካ ትንሹ ሰንጢ፣ 58 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 21 ግራም ገደማ ክብደት ሲኖረው «ሰባት አገልግሎት አለው» ይባላል። ሲዘረዘሩ ስለት፣ መቀስ፣ የጥፍር ሞረድ፣ በሞረዱ ጫፍ ላይ ያለች ካቻቪቴ፣ ወረንጦ፣ የጥርስ መጎርጎሪያ፣ እና ሰባተኛው የቁልፍ ማንጠልጠያ ቀለበቱ ነው! ከዚያው ፋብሪካ የሚወጣው ስዊስቻምፕ ደግሞ 33 አገልግሎት ተቆጥሮለት 185 ግራም ይመዝናል፤ ከእነዚያም መካከል ማጉያ መነጽርና የዓሣ ቅርፊት መፋቂያ ይገኙበታል። ከመጻሕፍቱ ካርቶን ጋር ዓሣ ተጭኖ እስካልመጣ ድረስ ይህ ለእርስዎ ትርፍ ሸክም ነው። የትርፉ ጉዳት ደግሞ ክብደት ብቻ አይደለም፤ መሣሪያዎቹ በበዙ ቁጥር እጀታው ይወፍራል፣ የሚፈለገው መሣሪያ ከማይፈለገው መካከል በጥፍር ተፈልጎ ይወጣል፣ እጀታውም በጭብጥ ውስጥ በደንብ ስለማይያዝ ስለቱን መቆጣጠር ያስቸግራል። ሌዘርማን ዌቭ ፕላስን የመሰለው ባለ ፒንሳ 241 ግራም ገደማ ስለሚመዝን በቀበቶ ላይ አፎት ተሰክቶለት ይያዛል እንጂ የቀሚስ ወይም የጋዋን ኪስ አይችለውም። እንዲህ ያለው ዕቃ ከሳምንት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ይገባና እርስዎም ወደ ቀድሞው ፍለጋዎ ይመለሳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልግባ፤ ይቆለፍ ወይስ አይቆለፍ? ለዚህ መልስ መስጠት የሚቻለው ማጠፊያው እንዴት እንደሚሠራ ሲታወቅ ስለሆነ ትንሽ ይታገሱኝ።

የማይቆለፈውን ሰንጢ ስለት ቀጥ አድርጎ የሚይዘው በእጀታው ጀርባ በኩል የተኛ ጠንካራ ሞላ ነው። ስለቱን በጥፍርዎ ስበው ሲከፍቱት የግርጌው ማዕዘን ሞላውን ወደ ላይ ገፍቶ ያልፍና፣ ጠፍጣፋው የግርጌው ጎን ከሞላው ጋር ሲገጥም «ቀጭ» ብሎ ይቀመጣል። ሲዘጉትም ያንኑ የሞላ ጉልበት ከተቃራኒ አቅጣጫ ማሸነፍ ይኖርብዎታል። እንግዲህ በስለቱ አፍ ወደ ታች ተጭነው በሚቆርጡበት ጊዜ የሚቆረጠው ነገር ስለቱን መልሶ የሚገፋው ወደሚከፈትበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ ስለቱ ከሞላው ጋር ይበልጥ ይገጥማል እንጂ አይታጠፍም። ወደ ጣት የሚመለሰው በጫፉ ሲወጉበት፣ በጀርባው ሲመቱበት ወይም ሲገፉበት፣ እንዲሁም አንድ ወፍራም ነገር ውስጥ ተቀርቅሮ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ ሲነቅሉት ነው። ከዘረዘሯቸው ሥራዎች መካከል እነዚህን የግድ የሚል የለም። ካርቶንም ሆነ ወረቀት በአፉ እየተሳበ የሚቆረጥ ነገር ነውና የማይቆለፈው ይበቃዎታል።

የሚቆለፈው በበኩሉ በብዛት በሁለት ዓይነት ይሠራል። በአንደኛው በእጀታው ጀርባ ያለ ዘንግ ጥርሱ ከስለቱ ግርጌ ካለ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይይዘዋል፤ ለመዝጋት ዘንጉን ከጀርባ መጫን ያስፈልጋል። በሁለተኛው፣ ማለትም ሊነር ሎክ በሚባለው፣ በእጀታው ውስጥ የተለጠፈ ስስ ብረት ስለቱ ሲከፈት ወደ መሀል ፈንጠር ብሎ ከስለቱ ግርጌ በስተኋላ ይቆማል። ይህንን ለመዝጋት ያንን ስስ ብረት በአውራ ጣት ወደ ጎን መግፋት ግድ ነው፤ አውራ ጣትዎ በዚያች ቅጽበት የሚገኘውም ስለቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። የለመደ ሰው ስለቱ ጥቂት እንደታጠፈ ጣቱን ያወጣል፤ ያልለመደና የቸኮለ ሰው ግን የሚቆረጠው ሲሠራበት ሳይሆን ሥራውን ጨርሶ ሲዘጋው ነው። በተጨማሪም የኪስ ብናኝና የወረቀት ገለባ በመቆለፊያው ጎድጓዳ ውስጥ ከተጠቀጠቀ፣ ስለቱ የተቆለፈ መስሎ በግማሽ ብቻ ሊያዝ ይችላል።

ስለዚህ «የሚቆለፍ ለእጅ ደህና ነው» የሚባለው በከፊል እውነት ነው። እንጨት ለሚጠርብ፣ በጫፍ እየወጋ ቀዳዳ ለሚያበጅ ወይም ስለቱን ጠምዘዝ እያደረገ ለሚሠራ ሰው መቆለፊያው ጣት ያድናል። በርካሽ የተሠራ መቆለፊያ ግን በእኔ ግምት ጨርሶ ካለመኖሩ ይከፋል፤ ምክንያቱም የማይቆለፍ የያዘ ሰው ሊታጠፍበት እንደሚችል እያሰበ ይጠነቀቃል፣ መቆለፊያ ያመነ ሰው ግን ሙሉ ጉልበቱን ያሳርፍበታል። በነገራችን ላይ በማይቆለፍ ሰንጢ ላይ ከስለቱ ይልቅ የምፈራው ወስፌውን ነው። ስለት በአፉ ይሠራል፤ ወስፌ ግን ሌላ አሠራር የለውም፣ በጫፉ ተገፍቶ መብሳት ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ የሚታጠፍበት አቅጣጫ ነው። የመረጡት ሰንጢ ወስፌ ካለው ቀበቶ ወይም ወፍራም ካርቶን ሊበሱበት ቢያስቡ ጣቶችዎ ከሚታጠፍበት በኩል አለመሆናቸውን አስቀድመው ይመልከቱ።

ካርቶኑን ሲከፍቱ ስለቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ መስደድ አያስፈልግም፤ መጻሕፍቱንም ቢሆን የሚጎዳው ይኸው ነው። ሁለቱ የካርቶን ክዳኖች የተገናኙበትን መስመር በጣትዎ ዳስሰው፣ ከሥሩ ባዶ መሆኑ ከሚታወቅበት ከጠርዙ ጀምረው፣ ስለቱን አጋድመው በጫፉ በኩል ካለው አፍ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ በማስገባት ፕላስተሩን ወደ ጎን ይሳቡት። ካርቶኑን የያዘው እጅዎ ሁልጊዜ ከስለቱ በስተኋላ ይሁን እንጂ በሚሄድበት አቅጣጫ አይሁን፤ ጭንዎ ላይ አስቀምጠው መቁረጥም የተከለከለ ይሁን። አውራ ጣትዎን በስለቱ ጀርባ ላይ ከመጫን ይልቅ በእጀታው ላይ ያሳርፉት።

የፕላስቲክ ማሰሪያው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከካርቶኑም የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው እርሱ ነው። ብዙ ሰው ስለቱን ከማሰሪያው በታች ሰዶ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይመነጭቀዋል። ማሰሪያው ደግሞ ተወጥሮ የታሰረ ስለሆነ በሚበጠስበት ቅጽበት ሁለት ነገር ይሆናል፤ በኃይል ሲሳብ የነበረው ስለት ማቆሚያ አጥቶ ወደ ፊት ወይም ወደ ሌላው ክንድ ይወነጨፋል፣ የማሰሪያው ጫፍም እንደ አለንጋ ይፈናጠራል። እርስዎ ይህን በመቀሱ ይሥሩት። በአንድ መዳፍ ማሰሪያውን ካርቶኑ ላይ ተጭነው ይያዙት፣ ፊትዎን ከማሰሪያው መስመር ወደ ጎን ያርቁ፣ ከመዳፍዎ አለፍ ብሎ በመቀሱ ይቁረጡት። ለትንሿ መቀስ የማይበገር ወፍራም ማሰሪያ ከሆነ ኪስዎን ትተው የክፍሉን ትልቅ መቀስ ይጠቀሙ። መቀስ ለእርስዎ ከስለቱ እኩል ያስፈልጋል ያልኩት ስለዚህ ነው፤ ጥሩ መቀስ የሌለው ሰንጢ ሌላ መቶ አገልግሎት ቢኖረውም ይለፉት።

ሲገዙ በሥዕል ብቻ አይግዙ፤ ከተቻለ በእጅዎ ይዘው እያንዳንዱን መሣሪያ ከፍተው ይዝጉ። ስለቱ ሲከፈትም ሲዘጋም ድምፁ ጥርት ያለ፣ ጉልበቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወጥ መሆን አለበት፤ መሀል ላይ ልል ብሎ ራሱን የሚጥል ሞላ ደካማ ነው። የተከፈተውን ስለት በሁለት ጣት ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነቅንቁት፤ ለዓይን የሚታይ ንቅናቄ ካለው መልሱት። ሲዘጋ የስለቱ ጫፍ ከእጀታው በታች ሙሉ በሙሉ መግባቱን በጣትዎ ጎን በቀስታ ዳስሰው ያረጋግጡ፤ ትንሽ እንኳ ብቅ ያለ ጫፍ ኪስ ይቀዳል፣ ጣትም ይወጋል። ሰንጢውን ወደ ብርሃን አዙረው በሞላዎቹና በእጀታው ሽፋኖች መካከል ክፍተት ይኖር እንደሆነ ይዩ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰንጢ ቆሻሻም ያሳልፋል፣ በችኮላ የተገጠመ ለመሆኑም ምልክት ነው። መክፈቻው በጣም ጠንክሮ ጥፍርዎን የሚሰብር ከሆነም አይውሰዱት። ሰው በጥፍሩ አልከፈት ያለውን በጥርሱ ወይም በሌላ ብረት ጫፍ ለመክፈት መሞከሩ አይቀርም። መቀሱን ለመፈተን አንድ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት ወይም ክር በቂ ነው፤ ጫፉ ድረስ ሳያጥፍ ከቆረጠ ደህና ነው። የመቀሱ ሞላ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰበረው ክፍል ስለሆነ፣ ሞላውም ሆነ ወረንጦው ለብቻው ተገዝቶ የሚተካ መሆኑን ይጠይቁ።

ስለ ካቻቪቴው ገዢዎች እምብዛም የማያስተውሉት ነገር አለ። በአንዳንድ ሰንጢዎች ባለ መስቀሉ ካቻቪቴ ከእጀታው ወገብ ላይ ወደ ጎን ስለሚወጣ እጀታው እንደ መዘውር ያገለግላል፤ ብሎኑን በደንብ ያጠብቃል፣ ጠባብ ቦታ ግን አይገባም። በሌሎቹ ከእጀታው ጫፍ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ በመደርደሪያ ማዕዘን ውስጥ ያለ ብሎን ላይ ይደርሳል፤ የማጥበቅ ጉልበቱ ግን ያነሰ ነው። የመደርደሪያዎችዎ ብሎኖች ያሉት የት እንደሆነ አይተው ይምረጡ። የማይቆለፍ ካቻቪቴ በሚሠሩበት ጊዜም ብሎኑን ወደ ውስጥ ቀጥ አድርጎ መግፋት እንጂ ዘንበል አድርጎ መጫን አይገባም፤ ዘንበል ሲል ነው የሚታጠፈው። የስቴፕለር ሽቦውን በስለቱ አይንቀሉ፤ የትንሿ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ጫፍ ከሽቦው በታች ገብቶ ቀና ካደረገው በኋላ ወረንጦው ይጨርሰዋል።

ይህ ስለት ለመፈልፈያነት አይሁን የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቪክቶሪኖክስ ለምሳሌ የስለቱን ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ 56፣ የካቻቪቴዎቹን 52፣ የሞላዎቹን 49 ያደርጋል። ስለቱ አፉን እንዲይዝ ሲባል የጠነከረ ስለሆነ ሲጠመዘዝ ጫፉ ይሰበራል፤ ካቻቪቴው ግን ጥምዘዛውን እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። ስለ ብረቱ ዓይነት ከዚህ በላይ መጨነቅ አያስፈልግዎትም። የታወቀ ፋብሪካ የሠራው የማይዝግ ብረት፣ ማለትም ከ10.5 በመቶ ያላነሰ ክሮሚየም ያለበት ብረት፣ ለወረቀትና ለካርቶን ከበቂ በላይ ነው፤ ውድ የብረት ዓይነቶች ጥቅማቸው አፋቸው ቶሎ አለመዶልዶሙ ሲሆን፣ ሲዶለዱሙ ግን ቤት ውስጥ ለመሳል ያስቸግራሉ።

ወንድምዎ «ራስሽን ትከላከዪበታለሽ» ያሉት ከወንድማዊ ስጋት እንደሆነ ይገባኛል፤ ምክሩን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። በጫፉ ሲወጉበት የሚታጠፍ ሰንጢ በትግል መሀል የሚቆርጠው የያዘውን ሰው ጣት ነው፤ የሚቆለፈውም ቢሆን በእጅ ለእጅ ትንቅንቅ ከማን እጅ እንደሚገባ ማንም አያውቅም። በሕግም በኩል ዓላማው ነገሩን ይለውጠዋል። በእንግሊዝና በዌልስ ለምሳሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው የወንጀል መከላከያ ሕግ ማንኛውንም ዕቃ ሰው ለመጉዳት አስቦ በአደባባይ መያዝን ጥፋት አድርጎታል፤ ለካርቶን የተያዘው ሰንጢ «ለመከላከያ ነው የያዝኩት» በሚል አንድ ቃል የጦር መሣሪያ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ጥቁርና የውትድርና መልክ ያለውን ትተው ደማቅ ቀለም ያለው እጀታ ቢመርጡ ይሻላል፤ የሥራ ባልደረቦችዎን አያስደነግጥም፣ ከወረቀት ክምር መካከልም ቶሎ ይታያል።

የስለቱ ርዝመትና አከፋፈት በየአገሩ ሕግ የተለያየ ገደብ አለው። በብሪታንያ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ሊያዝ የሚችለው የሚታጠፍ፣ የማይቆለፍና አፉ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሰንጢ ነው። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቆለፍ ሰንጢን ያለ ተገቢ ምክንያት ይዞ መውጣት ተከልክሏል። ወንድምዎ የመረጡልዎ ዓይነት በሁለቱም ቦታ ጥያቄ የሚያስነሣ መሆኑን ልብ ይበሉ። እኔ የጠቆምኩት የማይቆለፍ አጭር ስለት በጠባቦቹ ገደቦች ውስጥም ብዙ ጊዜ ስለሚያልፍ፣ ለሚጓዝ ሰው የሚስማማው ይህ ነው፤ ቢሆንም የሚኖሩበትንና የሚሄዱበትን አገር ሕግ ከመያዝዎ በፊት ማረጋገጥ የእርስዎ ድርሻ ነው።

አውሮፕላን ላይ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ስለት ወደ መንገደኞች ክፍል እንዳይገባ ሲከለክል፣ የአሜሪካ ፍተሻ የኪስ ሰንጢን ርዝመቱ ምንም ያህል ቢሆን አያሳልፍም። ፍተሻውን የሚመራው የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ትናንሽ ሰንጢዎችን ሊፈቅድ አስቦ ነበር፤ ከበረራ አስተናጋጆችና ከሌሎችም ተቃውሞ ስለገጠመው ግን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ትቶታል። በየትም ቢሆን የመጨረሻው ውሳኔ የፈታሹ ስለሆነ ሴንቲ ሜትር ይዞ መከራከር አያዋጣም። በሚጓዙበት ቀን ሰንጢውን ለጭነት በሚሰጡት ሻንጣ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለው ያስገቡት፤ የእጅ ሻንጣ ብቻ ከያዙ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ከኪስዎ አውጥተው ቤት ይተዉት። ችግሩ ለሠሪዎቹም የተሰወረ አይደለም፤ ቪክቶሪኖክስ እ.ኤ.አ. በ2024 ስለት የሌለው የኪስ መሣሪያ ለመሥራት እየተዘጋጀ መሆኑን አስታውቋል።

ልጅዎን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ቦታ አለ፤ የቁልፍ ቀለበት። ትንሽ ሰንጢ ከቤት ቁልፍ ጋር ማንጠልጠል ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጅ ሲያለቅስ ማባበያ ተብሎ የሚሰጠው ቁልፍ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ሲጣል ልጁ መጀመሪያ የሚያነሣውም ቁልፍ ነው። ሞላው ጠንካራ ስለሆነ አይከፍተውም ብለውም አይተማመኑ፤ ዛሬ ያልከፈተውን ከጥቂት ወራት በኋላ ይከፍተዋል። ሰንጢውን ለብቻው ይያዙት፣ ከሥራ ሲመለሱም ልብስዎን ከመቀየርዎ በፊት በሚቆለፍ ወይም ልጁ በማይደርስበት አንድ ቋሚ ቦታ ያስቀምጡት። ልጁ እያየ ሲጠቀሙበትም ለሰው የሚያቀብሉት ሁልጊዜ ዘግተው ይሁን።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ከፕላስተር ላይ የሚቀር ሙጫ ስለቱን ስለሚያጣብቀው፣ በየጊዜው በጥቂት ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሁሉንም መሣሪያ ደጋግመው ከፍተው እየዘጉ ይጠቡት፣ ከፍተው በደንብ ያድርቁት፣ ከዚያ በየማጠፊያው አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉ። ስለቱ ወረቀት መቁረጡን ትቶ መቅደድ ሲጀምር መሳያው ደርሷል ማለት ነው። የዶለዶመ ስለት ተጨማሪ ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ ሲያንሸራትት የሚሄደው በዚያ ሁሉ ጉልበት ነው። በሴራሚክ ዘንግ ወይም በደቃቅ መሳያ ድንጋይ ላይ እያንዳንዱን ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አጋድመው በእኩል ቁጥር ይሳሉት። መቀሱን በዚህ መንገድ ለመሳል አይሞክሩ፤ የሁለቱ ምላጮች መገናኛ ከተበላሸ አይመለስም። ድንገት ቢቆረጡ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው እጅዎን ከፍ ያድርጉ፤ ደሙ ተጭነው ከያዙት በኋላም ካልቆመ፣ ጣትዎ ከደነዘዘ ወይም አልታጠፍ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ወንድምዎ ስለ ፒንሳ አንድ ነገር ሊሉ ይችላሉ፤ የመደርደሪያ ብሎን አብሮት ዳዶ ካለው በካቻቪቴ ብቻ ስለማይጠብቅ መያዣ ያስፈልጋል። እውነታቸውን ነው። ለዚያ ግን በኪስ ፒንሳ ከመታገል ይልቅ ክፍሉ አንድ ተራ ፒንሳ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ እንዲያኖር ይጠይቁ፤ ኤሌክትሪክ የሚነካ ሥራ ካለ እጀታው ኤሌክትሪክ እንዳያሳልፍ ሆኖ የተሸፈነውን ይግዙ፣ የኪስ ባለ ፒንሳዎች እጀታ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ብረት ነውና።